አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ሽጉጥ

«ትራፊክ ሲያስቆመኝ ሽጉጥ መያዜን ለምን እነግረዋለሁ? የንስሐ አባቴ ነው እንዴ?» አልክ አሉ።

ስሙት እስኪ፣ እናንተ! ይህ ሰው እኮ ሽጉጡን ያልነገረው ማን አለ? ለጠጅ ቤቱ ነግሯል። ለፀጉር ቆራጩ ነግሯል። ለሊስትሮው ነግሯል፤ አንድ እግሩን ሳጥኑ ላይ ሲሰቅል ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ ነው። ጥር ላይ በሰርግ ለሙሽራዋ፣ ለሚዜዎቹ፣ ለቪዲዮ ቀራጩ ሁሉ አሳይቷል። ቪዲዮው ውስጥ ከሙሽራው ፊት ይልቅ የሱ ወገብ ነው የሚታየው። ወሬው ያልደረሰው አንድ ሰው ቢኖር ትራፊኩ ነው። ሊነገረው የሚገባውም እሱ ብቻ ነበር!

ደግሞ «ድብቅ ነው» ይላል። ድብቅ! ግንቦት ነው። ባሕር ዳር ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ዘንባባው ራሱ ጥላ አምሮታል። ሰው ሁሉ በሸሚዝ፣ ልጆቹ ጣና ዳር በቁምጣ። አንተ የቆዳ ጃኬት ለብሰህ፣ ዚፑን እስከ ደረትህ ዘግተህ፣ ላብህን በሶፍት ትጠርጋለህ። «ምነው ወንድምዓለም፣ አልሞቀህም?» ሲሉህ «ብርድ መቶኝ ነው» ትላለህ። ብርዱ የመታህ ቀኝ ጎንህን ብቻ ነው? እዚያ ጋ አብጦብሃል እኮ!

እጅህስ መቼ ያርፋል! ማኪያቶውን ፉት፣ ጎንህን ዳበስ። ሒሳብ ክፈል፣ ዳበስ። ሴት ስታልፍ ደግሞ ዳበስ ዳበስ። አለ ወንድሜ፣ አለ! የት ይሄዳል? እግር ያለህ አንተ ነህ። ደቅ ደሴት እንኳ ጣና መሃል ስንት ዘመን ተደብቃ ኖራ ቱሪስት በሞተር ጀልባ አግኝቷታል። ያንተ ድብቅ ከደቅ ሊበልጥ?

«ኦሪጅናል ማካሮቭ ነው» እያልክ ነው የምታወራው። እሺ፣ ይሁንልህ። ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል። ስምንት ጥይት ሲጎርስ ደግሞ ይጨምራል። ያንተ ቀበቶ የተገዛው ከመንገድ ዳር ነው፤ ቀዳዳው በምስማር የተበሳ። እንግዲህ አስበው፣ ፖሊሱ «እጅ ወደ ላይ!» አለ። እጅህ ወደ ላይ፣ ሱሪህ ወደ ታች። አውቶቡስ ሙሉ ሰው በመስኮት ያያል። ሽጉጡን ደብቀህ የውስጥ ሱሪህን ገለጥህ። ይኸውልህ ምስጢር ጠባቂ!

«ዝም አይነቅዝም» ብለህ ተረትክብኝ። አወቅን፣ ዝም አይነቅዝም። አንተ ግን መቼ ዝም አልክ? ሰርጉ ላይ ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ተኩሰህ አይደል? ሰማይ ምን አደረገህ? ያ ጥይት ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ አይቀርም፤ ይወርዳል። ሐምሌ ሲገባ የሙሽራዋ እናት በቆርቆሮው ቀዳዳ ሥር ባልዲ ደቅነው «ይህን ጣሪያ ማን በሳብኝ?» ሲሉ፣ መንደሩ በሙሉ ስምህን ከነአባትህ ጠራ። ምስጢርህ በክረምት ያፈሳል፣ ወንድሜ።

ሲከፋህ ሕግ ውስጥ ገባህ። «ዝም የማለት መብት አለኝ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው!» አልክ። እናንተ፣ ጠበቃ ወጣልን! አንቀጽ 19 እኮ የተያዘ ሰው መብት ነው። ገና ሳትያዝ የተያዘ ሰው መብት አማረህ? አይዞህ፣ ትንሽ ታገሥ። በዚህ አያያዝህ ይደርስሃል። የመብቱ ባለቤት ለመሆን የቀረህ አንድ ኬላ ነው።

«እሱ ቢቀር አንቀጽ 26 አለ፤ የግል ሕይወቴ የተከበረ ነው፤ ሰውነቴና ንብረቴ ዝም ብሎ አይበረበርም!» አልክ። እውነት ነው፣ አለ። ግን አንብበህ ስትሄድ ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ስትደርስ ሻይ መጣልህ መሰለኝ። እዚያ ላይ የሕዝብ ሰላምና ወንጀል መከላከል የሚባሉ እንግዶች ተቀምጠዋል። ደግሞ «የግል ሕይወቴ» የምትለው የቱን ነው? ቲክቶክ ላይ የለጠፍከውን? ሽጉጡን ትራስህ ላይ አስተኝተህ፣ ጎኑ ጽጌረዳ አድርገህ፣ ዘፈን የጫንክበትን? እሱን ያየ ሰው ብዛት ለጥምቀት ከወጣው አይተናነስም!

ኧረ ይህን ተወው። ባንክ ስትሄድ ምን ታደርጋለህ? በር ላይ ያሉት ዘበኛ ገና «ወንድሜ…» ብለው ሳይጨርሱ፣ ፈገግ ብለህ፣ ጃኬትህን ከፍተህ፣ «አለች፣ አባባ፣ ትቀመጥልኝ» ትላለህ። ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ ትቀበላለህ። ስትወጣ ቆርቆሮዋን ሰጥተህ ሽጉጥህን ትወስዳለህ። አንቀጽ 19 የት ሄደ? አንቀጽ 26 ወረፋ ይዞ ነበር? ለባንክ ዘበኛ ሳትጠየቅ የምትናዘዝ ሰውዬ፣ ባጅ ያደረገ ፖሊስ ሲያይህ ነው ድዳ የምትሆነው? ለነገሩ ዘበኛው ብር ያስገቡሃል። ትራፊኩ ብር ያስወጣሃል። ልዩነቱ ይኼ ነው፣ ገባኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣልህ። ቪትዝህን ይዘህ ከመሸንቲ ወደ ባሕር ዳር እየገባህ ነው። ፊሽካ! ጥግ ያዝክ። ትራፊኩ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «መንጃ ፈቃድና ሊብሬ» አለ። መንጃ ፈቃዱ የት ነው? የኋላ ኪስህ። በየትኛው በኩል? በቀኝ። ሽጉጡስ? በቀኝ! ሊብሬውስ? ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ። ምን ሥር? መለዋወጫው ካርታ ሥር! አየህ አደራደርህን? መንግሥት የሚፈልገውን ወረቀት በሙሉ ሰብስበህ ለብረት አሳቅፈኸዋል። ጥበቃ መደብህለት!

እንግዲህ አንተ ዝም ብለህ እጅህን ወደ ወገብህ ሰደድህ። በአንተ ቤት መንጃ ፈቃድ እያወጣህ ነው። እሱ የቆመበት ቁምና እየው። የሚያየው መንጃ ፈቃድ አይደለም። ጃኬቱ ሲገለጥ ያያል፣ እጀታ ያያል፣ ወደ እጀታው የሚሄድ እጅ ያያል። ትራፊኩ ብዙ ጊዜ በእጁ ያለው የቅጣት ደረሰኝ ነው፤ አንተ ጥይት አጉርሰሃል፣ እሱ ፊሽካ ጎርሷል። ሁለት ክንድ ርቆ ግን ክላሽ ያነገተ ጓደኛው አለ። ያ ጓደኛ የሚሰማው የለም፤ የሚያየው ብቻ ነው። «ሊብሬ ላወጣ ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገርህን ጨርሰህ የምትናገረው ለማን ነው? ለሐኪም? ለቄስ?

እና ምን ይደረግ? ይኸው፣ በነጻ ልንገርህ፤ ትምህርት ቤት ብትሄድ ትከፍልበት ነበር። ሞተር አጥፋ። ማታ ከሆነ የውስጥ መብራቱን አብራ። ሁለት እጅህን መሪው ላይ አድርግ። በዚህ አገር መሪ የሙጥኝ ብሎ የተጎዳ አላየሁም። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ፦ «ሳጅን፣ ጤና ይስጥልኝ። ፈቃድ ያለው መሣሪያ ይዣለሁ። ቀኝ ጎኔ ላይ ነው። እጄን አላንቀሳቅስም፤ እንዳዘዙኝ አደርጋለሁ።» አለቀ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ለአንድ ጠጅ ከምታወራው ወሬ አንድ መቶኛው ነው።

ቅደም ተከተሉን ደግሞ እንዳታበላሸው! አውቅሃለሁ፣ ታበላሸዋለህ። «ፈቃድ» ቀድማ ትውጣ። አንተ መስኮቱን ዝቅ አድርገህ «ሽጉጥ!» ብለህ ጮኸህ፣ ከዚያ ምራቅህን ውጠህ፣ ከዚያ «…አለኝ» ብለህ፣ ከዚያ «…ፈቃድ ያለው» ልትል ነው። «ሽጉጥ» እና «ፈቃድ» መካከል ትራፊኩ ቦይ ውስጥ ገብቷል፣ ባለ ክላሹ ጓደኛው አቀባብሏል፣ ከኋላ ያለችው ባጃጅ ሰው ሳትጭን ወደ መጣችበት ዞራለች። ምላስህ እንደ ልማዷ ሽጉጥ ሽጉጥ ሳትል አንድ ቀን ወረቀት ወረቀት ትበል!

እያሳየሁ ነው ብለህም እንዳታወጣው። «ይኸው ሳጅን፣ እይልኝ!» ብለህ መዘዝህ እንዴ? ይህ የሰርግ ቪዲዮ አይደለም! አንተ ንገረው፣ እሱ ይንካው። በአንድ ሽጉጥ ላይ በዚያች ደቂቃ ሁለት እጅ አያስፈልግም። ያንተ እጅ ደግሞ ሥራ አለው፤ መሪውን ይይዛል።

ለዚህ አዋጅ ጥቀስልኝ ካልከኝ ጭንቅላትህን እጠቅስልሃለሁ፤ ካለ። ይልቅ ጊዜውን እይ። ክልላችን ከሐምሌ 2015 ወዲህ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም አይቷል፣ ከሱ የባሰም አይቷል። ኬላ ላይ የቆመው ልጅ ያንተ ታናሽ ወንድም የሚያህል ነው። ሌሊቱን አልተኛም። እናቱ በቀን ሁለቴ ትደውልለታለች። ማን በየትኛው መኪና ምን ይዞ እንደሚመጣ አያውቅም። አንተ ደግሞ ሄደህ እንቆቅልሽ ትጫወትበታለህ፤ «ወገቤ ላይ ያለው ምንድን ነው?» «ምን አውቅልህ?» «አገር ስጠኝ!» ሰውዬ፣ ይኼ ልጅ የሚሰጥህ አገር የለውም። የሚሰጥህን ደግሞ አንተ አትፈልገውም።

ትራፊክ ሆይ፣ አንተም አትሳቅ፤ ላንተም አለኝ! ሰውየው በጨዋ ደንብ «መሣሪያ አለኝ» ሲልህ ዘለህ አንገቱን የምትይዘው ለምንድን ነው? የነገረህ እኮ ልትፈራው የሚገባው አይደለም። ሊጎዳህ የመጣ ሰው ቀጠሮ አያስይዝም። አንድ ጊዜ እውነት የተናገረውን መሬት ላይ አስተኝተህ ብታንገላታው፣ ወሬው ከአንተ ቀድሞ ሐሙሲት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ አፉን ሰፍቶ ነው የሚመጣው። «አመሰግናለሁ፣ እጅህን እዚያው አቆይልኝ፣ ቀስ ብለህ ውረድ» ማለት ስንት ሊትር ናፍጣ ይፈጃል?

እሺ፣ ወደ አንተ ልመለስ፤ አላለቀልህም። «ቴክሳስ ያለው የአክስቴ ልጅ ፖሊስ ካልጠየቀህ ትንፍሽ እንዳትል ብሎኛል» አልክ። የአክስትህ ልጅ የሚኖረው ቴክሳስ፣ ምክሩ የሚኖረው መሸንቲ! አሜሪካ አንድ አገር መሰለህ? በዚህ ጉዳይ ስንት አገር ናት። ሚሺጋን ከሆንክ ፖሊስ እንዳስቆመህ ወዲያው ትናገራለህ፣ ሕግ ነው። ሚኔሶታ ሲጠይቅህ ትናገራለህ። ኦሃዮ እንደ ሚሺጋን ነበር፤ በ2022 በፈረንጆቹ ሕጉ ተለወጠና ሲጠየቁ መመለስ ብቻ ሆነ። ቴክሳስ ከ2021 ወዲህ ብዙውን ሰው ያለ ፈቃድ መያዝ አስችሏል። እንግዲህ የአክስትህ ልጅ ከቴክሳስ ተነሥቶ ዘመድ ሊጠይቅ በመኪና ሚሺጋን ቢሄድ ምላሱን መንገድ ላይ መቀየር አለበት። አንተ የትኛው ስቴት ነህ? መሸንቲ የቱ ጋ ናት፣ ከኦሃዮ በላይ ናት በታች?

«እዚያስ ተናግሮ የሞተ የለም?» አልክ። አለ። እዚህ ላይ ለአንድ አፍታ ተረቡን ላስቀምጠው። ፊላንዶ ካስቲል ይባላል። የ32 ዓመት ሰው፤ ሚኔሶታ ውስጥ የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ። በፈረንጆቹ ሐምሌ 6 ቀን 2016 ፋልከን ሃይትስ በሚባል ቦታ ፖሊስ አስቆመው። ፈቃድ ነበረው። ሕጉ እስኪጠየቅ እንዲጠብቅ ይፈቅድለት ነበር፤ እሱ ግን ሳይጠየቅ፣ በጨዋ አንደበት፣ መሣሪያ መያዙን ነገረው። ፖሊሱ ሰባት ጊዜ ተኮሰበት። መኪናዋ ውስጥ ጓደኛውና የአራት ዓመት ልጇ ነበሩ። በዓመቱ ጁሪው ፖሊሱን ነጻ አለው። ሰውየው ምንም አላጠፋም፤ ማድረግ ያለበትን አድርጎ ነው የሞተው። ከዚህ ታሪክ የምትወስደው «ዝም በል» የሚለውን ከሆነ ግን ሒሳብህ አልገባኝም። በተናገረ ሰው ላይ እንዲህ የደነገጠ ፖሊስ፣ ሳይነገረው እጀታውን ቢያይ ቡና ሊጋብዝ ነበር? ላንተ የሚሆን ነገር ካለው መሪው ላይ የተቀመጠው እጅ ነው። ለትራፊኩ የሚሆነው ደግሞ ከላይ ነግሬዋለሁ፤ ይድገመው።

ተረቡን አነሣሁ። የት ነበርን? አዎ፣ ባህል ላይ። «መሣሪያ የወንድ ልጅ ጌጥ ነው፤ የአባቶቻችን ባህል ነው!» አልክና ደረትህን ነፋህ። ልክ ነህ፣ ባህል ነው። ግን የትኛው አባትህ ነው የደበቀው? አባቶችህ ምንሽር ይይዙ ነበር። ውጅግራ ይይዙ ነበር። ያንን ብረት የትኛው ኪስ ውስጥ ይከቱታል? በትከሻቸው አንግተው፣ ዝናሩን ወገባቸው ላይ ደርድረው፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር የሚሄዱት። በዚያ ላይ አላየን እንደሆን ብለው ይፎክሩልን ነበር! መሣሪያ ይዤያለሁ ማለት ለአባቶችህ አሥር ሰከንድ አይደለም፤ ግማሽ ቀን ነው፣ ከነሽለላው ከነቀረርቶው። እንግዲህ ባህል ከወደድህ ይኸው ሜዳው፣ ይኸው ፈረሱ! ከመኪናህ ሳትወርድ፣ እጅህን መሪው ላይ አድርገህ፣ ለትራፊኩ ፎክርለት፦ «ዘራፍ! ዘራፍ! ባለ ማካሮቩ፣ ቀበቶ ያቃተው! ሽጉጡ በቀኙ፣ ፈቃዱ በደረቱ፣ ቀበቶው ከመንገድ ዳር፣ ሱሪው ለወረደበቱ!» አባትህ ሲገልጠው የኖረውን ሸሽገህ «ባህሌ» ማለት ግን የትም አልታየም።

«እኔ የደቅ ልጅ ነኝ፤ ደሴት ላይ ምን ትራፊክ አለ?» አልክ ደግሞ። አየህ፣ መሬት ሲጠብህ ውኃ ገባህ! እውነት ነው፣ ደቅ ላይ ቀይ መብራት የለም። ታዲያ እዚያ ሽጉጥ የሚያስታጥቅህ ማን ነው? አምባዛ ነው የሚደፍርህ? ቆረሶ ነው የሚዘርፍህ? ታንኳህ እንደሆን ደንገል ነች። እሷ ላይ ቁመህ ቃታ ብትስብ ጥይቱ ወደ ዘጌ፣ አንተ ወደ ጎርጎራ! እቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩባት ደሴት ላይ እየኖርክ፣ ጎረቤትህ ደጋ እስጢፋኖስ ላይ የአፄ ፋሲለደስ አስከሬን አርፎ ሳለ፣ አንተ ዓሣ ልትበላ ስትሄድ ስምንት ጥይት ትቆጥራለህ። ያን ሁሉ ሠራዊት ያዘዙ ንጉሥ ያለ አንዲት ጥይት ተኝተዋል። አንተ ጀልባ ላይ ለሰላሳ ሰው ትገልጣለህ፤ ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ወርደህ ባጃጅ ስትይዝ ትሸጉጣለህ።

ባጃጅ ስል አስታወስከኝ። ሾፌሩ የሚቀመጥበት ስፖንጅ ሥር አይደል ሽጉጡን የደበቅኸው፣ «እኔን ከፈተሹኝ አያገኙም» ብለህ? ሾፌሩን፣ ሰው ነውና፣ ጠይቀኸዋል? ድሃው ሰውዬ ከቀበሌ 14 እስከ ዓባይ ድልድይ ያንተን ብረት ታቅፎ ነዳ። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ እሱ በዚያ ቀን ወደ 38 ኪሎ ሜትር ሳይመስለው አልቀረም። አንተ ኋላ ተቀምጠህ መስኮት ታያለህ። ቢያዝ የሚያዘው ማን ነው? በእሱ ባጃጅ፣ በእሱ መቀመጫ ሥር! ጀግናው ጀግንነቱን በኮንትራት አስጫነው። ሒሳቡንም ተከራክረህ ነው የከፈልከው አሉ።

«ከተናገርኩማ ይወስድብኛላ!» አልክ።

እሰይ! ወጣች! እናንተ፣ ሰማችሁልኝ? ይህን ሁሉ ሰዓት ያስለፈለፈን ለዚህች ነው! አንቀጽ 19 ሄደ። አንቀጽ 26 ሄደ። የቴክሳሱ የአክስት ልጅ ሄደ። አባቶች ከነዝናራቸው ሄዱ። የቀረችው አንዲት ወረቀት ነች፤ እሷም የለችም! ፈቃድ ያለው ሰው «ይወስድብኛል» አይልም፤ «ቁጥሩን ያመሳክሩ» ነው የሚለው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የወጣው በ2012 ነው። ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ነው። ፈቃድ አውጡ ከተባለ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት ገብቷል። አንተ ግን «አልሰማሁም» ትላለህ። የአርሴናልን አሰላለፍ ከአሰልጣኙ ቀድመህ የምትሰማ ሰው!

ለመኪናህ ቦሎ ትለጥፋለህ። ለውሻህ ክትባት ታስከትባለህ። ለሲም ካርድህ እንኳ ስምህን ከነአያትህ አስመዝግበሃል። ሰው የሚገድለው ዕቃህ ብቻ ነው መታወቂያ የሌለው? «ካርታ አለኝ» ስትል ጊዜ ቤት ያለህ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የጥይት ካርታ ኖሯል! ቤቱ የኪራይ፣ መሬቱ የሰው፣ ካርታ ግን ሁለት።

«ፈቃዱ እንኳ አለ፤ በአያቴ ስም ነው። ሽጉጡም የሳቸው ነው፤ ውርስ ነው» አልክ። አያትህ የት ናቸው? «አርፈዋል።» ነፍስ ይማር። መቼ አረፉ? «ሃያ ዓመት ሆናቸው።» እሺ፤ ትራፊኩ ባለፈቃዱን አቅርብ ቢልህ በየት በኩል ልትጠራቸው ነው? ቆይ ግን፣ እስኪ ያንን «ኦሪጅናል ማካሮቭ» ገልብጠው። ጎኑ ላይ ምን ይላል? «ሜድ ኢን ተርኪ» ይላል። ከሥሩስ? ዓመተ ምሕረቱ የዛሬ አምስት ዓመት ነው። አያትህ ከሞቱ አሥራ አምስት ዓመት ቆይተው ተነሥተው ገበያ ወጥተው ነው የገዙልህ፣ ወይስ ኮንትሮባንዱ ሰማይ ቤትም ደርሷል?